የሽቅብ ካርቦን

ራጅ አንሺው ብስክሌቱ መሰንጠቁን ያወቀው በድምፁ ነው። ዳገት ላይ ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ከእግሩ ሥር ሲጥ፣ ሲጥ ይላል። መጀመሪያ ጉልበቴ ነው ብሎ ዝም አለ። አርባ ዘጠኝ ዓመት ከሞላው ወዲህ ከሰውነቱ ድምፅ የማያሰማ ክፍል አልነበረውምና አልገረመውም። በሦስተኛው እሑድ ግን ከመንገድ ወጣ ብሎ ብስክሌቱን ገልብጦ ሲያየው፣ ፔዳሎቹ ከሚገጠሙበት ከፍ ብሎ፣ ብየዳው ጠርዝ ላይ፣ ፀጉር የምታክል መስመር አገኘ።

አልሙኒየም ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ነድቶታል። በማግስቱ ከሥራ ሲወጣ እየገፋ ወደ ጋሼ ወሰደው። ጋሼ ብስክሌት ጠጋኝ ናቸው። ሱቃቸው ከመጥበቡ የተነሣ ጎማዎቹ ከጣራ ተንጠልጥለው የገባውን ሰው አናት ይነካሉ።

«በብየዳ አይሆንም?» አላቸው።

«ይሆናል። ከዚያ ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። አልሙኒየም አንዴ ከደከመው ደከመው ነው።»

«እንደ እኔ በሉኛ።»

«አንተንስ ማን ይበይድሃል?» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። «ፍሬም መቀየር ነው ያለብህ። ወይ አልሙኒየም፣ ወይ ካርቦን፣ ከክር ተሸምኖ የሚሠራው። ካርቦን ቀላል ነው፤ የመንገዱን ንዝረት ስለሚውጠው ክንድህ አይደነዝዝም። አልሙኒየም ደግሞ ቻይ ነው። ሲወድቅ ይጎደጉዳል፣ ታየዋለህ። ካርቦን ከተመታ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊላቀቅ ይችላል።»

«እርስዎስ የቱን ይመርጣሉ?»

«እኔማ በእግሬ ነው የምሄደው።»

ራጅ አንሺው ሲያስብ ሰነበተ። በሐኪም ቤቱ ሦስት የነበሩት ራጅ አንሺዎች ሁለት ከሆኑ መንፈቅ አልፏል፤ የለቀቀውን የሚተካ አልመጣም። ከጠዋት እስከ ማታ «አየር ያስገቡ፣ ይያዙት፣ አይንቀሳቀሱ፣ ይተንፍሱ» ይላል። አንድ ቀን ሚስቱ እራት አቅርባ ስትጠራው «ይያዙት» ብሎ መልሶላታል። የሚተነፍሰው እሑድ ጠዋት ብቻ ነው። እሑድም ቢሆን አብረውት የሚነዱት ሁሉ ካርቦን ገዝተው ዳገቱ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ።

«ካርቦኑ በአንድ ኪሎ ይቀላል» አላት ለሚስቱ።

«አንድ ኪሎ ከሆነ ከሆድህ ቀንስ» አለችው፣ ቀና ሳትል።

በዚሁ ሰሞን የሽቅብ ሚስት ደወለችለት። ሽቅብ የልብ ጓደኛው ነበር፤ ዳገት ሲያይ ፊቱ ስለሚፈካ ነው ይህ ስም የወጣለት። ከስምንት ወር በፊት፣ በተኛበት፣ ልቡ ቆሞ ሞተ። ሚስቱ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት።

«ወንድሜ፣ ብስክሌትህ ተሰበረ አሉኝ። የእሱን ለምን አትወስደውም?»

ሄደ። የሽቅብ ካርቦን እንደ ቆመ ነው፣ መተላለፊያው ግድግዳ ላይ ተደግፎ። እሷ የተማሪ ደብተር ታቅፋ በጎኑ እየተሹለከለከች ታልፋለች።

«ስምንት ወር ሙሉ በፔዳሉ ዳሌዬን ስመታ ከረምኩ» አለችው። «ልሸጠው አልቻልኩም፣ ላየውም አልቻልኩም። አንተ ንዳውና ይገላግለኝ። በቁመትም እኩል ናችሁ።»

ወደ ቤቱ የተመለሰው እየነዳው ነው። ሠፈሩ መግቢያ ላይ ያለችውን ዳገት ከመቀመጫው ሳይነሣ ወጣት። ብስክሌቱ ከእሱ ሐሳብ ቀድሞ የሚሄድ መሰለው። ደጁ ሲደርስ አልወረደም፤ ተመልሶ ወርዶ እንደገና ወጣት።

ጋሼ ግን ይህን ሲሰሙ፣ ሳያዩት ዳግም እንዳይነዳው አስጠነቀቁት። ሰኞ ዕለት ብስክሌቱን ማንጠልጠያ ላይ ሰቅለው፣ በሳንቲም ጫፍ ከመሪው ጀምረው ቱቦዎቹን ይነኩ ጀመር። ጥን፣ ጥን፣ ጥን። የታችኛው ቱቦ መሐል ሲደርሱ ድብ አለ። መለሱና ነኩት። ድብ። ጣታቸውን አርሰው ጠረጉት።

«ይቺን አየሃት? ይህቺ የፋብሪካ ቀለም አይደለችም። ሰው ነው የቀባት።»

አውራ ጣት የምታህል፣ ከሌላው ጥቁር ይልቅ የምታብለጨልጭ ጥቁር ነበረች።

«ተጭራ ይሆናላ።»

«ይሆናል። ራጅ አንሺው አንተ፣ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

ለቀልድ ነበር የተናገሩት። እሱ ግን ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ብስክሌቱን በአንሶላ ጠቅልሎ ወደ ራጅ ክፍሉ ይዞት ገባ። አለቃው፣ ራጅ የምታነበው ሐኪም፣ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ታካሚው ዕድሜው ስንት ነው?»

«አምስት ዓመት።»

«ተራ የሚጠብቅ ሰው ከሌለ ቶሎ በል።»

ጨረሩን ለሕፃን እጅ ከሚጠቀምበት አሳንሶ አነሣው። ስክሪኑ ላይ የካርቦኑ ክሮች እንደ ፋሻ ተሸምነው ታዩ። ሳንቲሙ ድብ ያለበት ቦታ ላይ ግን ሽመናው ተዛንፎ፣ ቀጫጭን መስመሮች ወደ ሦስት አቅጣጫ ይሮጣሉ። ሐኪሟ በትከሻው በኩል አጎንብሳ አየችና፣ «ሰው ቢሆን ኖሮ እንዳትረግጥበት እለው ነበር» አለች።

ወድቋል ማለት ነው። ሽቅብ ወድቆ፣ ለማንም ሳይናገር፣ ቁስሉን ቀብቶ ሲነዳ ነበር።

ማታ ለሚስቱ ነገራት።

«የሞተ ሰው ውሸት ገልጠህ ምን ታተርፋለህ?» አለችው። «ልኬ አልሆነም ብለህ መልስላት።»

እውነቷን ነው ብሎ ተስማማ። ሐሙስ ከሥራ በኋላ ወደ ሽቅብ ቤት ሲሄድ ውሸቱን በልቡ አሰናድቶ ነበር። ያን ቀን ሃምሳ ሦስት ሰው አንሥቷል፤ ዘጠኙን ተሸክሞ ነው ከአልጋ ወደ አልጋ ያዛወረው። በሩን ከፍታለት «ልኬ አልሆነም» ለማለት አፉን ሲከፍት፣ ቀጥሎ የምትጠይቀው ሁሉ ታየው፤ የት ጋ ነው ልክህ ያልሆነው፣ እኩል አይደላችሁ፣ ነድተኸው አልነበር? ይህን ሁሉ ለመዋሸት ጉልበት አጣ። ያተመውን የራጅ ፊልም ከኮቱ አውጥቶ ሰጣትና ወንበር ላይ ተዘረገፈ።

ፊልሙን ወደ አምፖሉ ዘርግታ አየች። እሱም ሳንቲሙን፣ ስንጥቁን፣ የተቀባችውን ጥቁር ነጠብጣብ ነገራት። ስለ ቀለሟ ሲነግራት ፊልሙን ዝቅ አደረገች።

«የጥፍር ቀለሜ!»

«ምን?»

«ተማሪዎቼ ጥቁር የጥፍር ቀለም በስጦታ አምጥተውልኝ ነበር። አልጠቀምበትም፤ ግን ልጆቹ እንዳይከፋቸው አንድ ቀን ልቀባ ብዬ ብፈልግ የለም። እሱን ስጠይቀው ‹እኔ ምን ላደርግበት?› አለኝ።» ቁጭ አለች። «ያን ሰሞን፣ ከመሞቱ ወር በፊት፣ ትከሻዬን አመመኝ ብሎ ሳሸው ነበር። ትራሱ ነው አለኝ። አዲስ ትራስ ገዛሁለት እኮ!»

ሳቀች። ሳቁ መሐል ላይ ተበላሸና ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«በመውደቁ ነው የሞተው?» አለችው እጇን አውርዳ።

«አይደለም። ሐኪሞቹ የልብ ነው ያሉት ትክክል ነው። ይሄ ሌላ ነገር ነው።»

«ታዲያ ለምን ደበቀኝ?»

«ብትሰሚ ትከለክይው ነበር?»

«እግሩን ነበር የምሰብረው!»

«በቃ፣ ለዚያ ነዋ።»

ዓይኗን ጠረገች። ንዴቷ ግን አልበረደላትም። «ወር ሙሉ በተሰነጠቀ ነገር ላይ እየወጣ፣ ቁርሱን እኔ እየሠራሁለት» እያለች ደብተሮቹን ከጠረጴዛው አንሥታ መልሳ አስቀመጠች። ሊሄድ ሲነሣ፣ «እኔ ደግሞ ስምንት ወር እንደ ዕቃ ቤት ጠባቂ ስጠብቀው ነበር» አለችው። «ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ጋሼ ጎማውን፣ ማርሹንና ፍሬኑን ያወጡታል፤ እነሱ ደህና ናቸው። ፍሬሙ ይቆረጣል። እንዲሁ ከተጣለ አንዱ አንሥቶ ይነዳዋል።»

«ሲቆረጥ ልኑር።»

ቅዳሜ መጣች። ጋሼ ባዶውን ፍሬም በሞርሳ አስረው፣ አፏን የሚሸፍን ጨርቅ ሰጥተዋት፣ መጋዙን እሷ እጅ ላይ አኖሩ። ጥቁር ብናኝ ጫማዋ ላይ እየወረደ ግማሹን ያህል ቆረጠችና ክንዷ ዛለ። ራጅ አንሺው ተቀበላት፤ እሱም ጥቂት ገዝግዞ ቆመ።

«ሰው ጠፋ እንዴ በዚህ አገር!» ብለው ጋሼ ጨረሱት።

አጎንብሳ የተቆረጠውን ቱቦ ውስጡን አየች። ባዶ ነው።

«በሉ እንግዲህ፣ እኔ ልሂድና ልተኛ» አለች። ሥራውን እንደ ጨረሰ ሰው ቦርሳዋን አንግባ ወጣች።

ጋሼ ቁርጥራጩን ጠራርገው ሲያበቁ ወደ እሱ ዞሩ።

«አሁንስ? አዲስ ካርቦን ላምጣልህ? ያልወደቀ ካርቦን ምንም አይልህም። እኔ ራሴ እየመረመርኩ እይዝልሃለሁ።»

ያቺ ዳገት ትዝ አለችው፤ ሁለት ጊዜ የወጣት።

«አልሙኒየም ያምጡልኝ።»

«ፈራህ?»

«አልፈራሁም። ሳምንቱን ሙሉ የማይታይ ስብራት ስፈልግ ነው የምውለው። እሑድ ደግሞ ከሥሬ ምን ተሰንጥቆ ይሆን እያልኩ ልነዳ አልችልም። ደክሞኛል፣ ጋሼ።»

ጋሼ አልተከራከሩትም። በሳምንቱ ግራጫውን ፍሬም በሽቅብ ጎማ፣ በሽቅብ ማርሽና ፍሬን ገጥመው አስረከቡት።

እሑድ ወጣ። ፍሬሙ ጠንካራ ነው፤ የአስፋልቱን ጠጠር አንድ በአንድ ለመዳፉ ያስቆጥረዋል። ጎማዎቹ ግን ያለ ድምፅ ይሽከረከራሉ። ትልቁ ዳገት ላይ እንደ ወትሮው ጥለውት ሄዱ። እሱም ሊደርስባቸው አልታገለም፤ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገብቶ፣ ከፊቱ ያለችውን ሁለት ሜትር መንገድ ብቻ እያየ ወጣ። አናቱ ላይ ሲደርስ ሁሉም ጥላ ሥር ቁጭ ብለው እየጠበቁት ነው። አንዱ የውሃ ኮዳውን ዘረጋለት።

«አዲሱ እንዴት ነው?»

«ከባድ ነው» አለ። ጠጥቶ ሲያበቃ ብስክሌቱን ከአንድ ግንብ አስደግፎ ሣሩ ላይ በጀርባው ተጋደመ። «አሥር ደቂቃ ብቻ» ሲላቸው ዓይኑ ተከድኖ ነበር። ግማሽ ሰዓት ተዉት።