ሦስት ፍላሽ ወደ ምፋንጋኖ

ናሲሚዩ ምፋንጋኖ ደሴት ላይ ኔትዎርክ እንደማይኖር ቆርጣ ደምድማለች። ባለፈው ሚያዝያ ለሥራ ሐይቁን አቋርጣ ወደዚያ ስትሻገር ሁለት ቀን ሙሉ ጠፍቶባት፣ ስልኳን ወደ ሰማይ ዘርግታ ከኮረብታ ኮረብታ ስትንከራተት ዓሣ ሻጮቹ ሁሉ ስቀውባታል። ያን ጊዜ የጠፋው ቢጠፋ ግድ አልነበራትም። የአሁኑ ግን ሌላ ነው።

አለቃዋ ኦቾላ ነገሩን በግልጽ አስቀምጦላታል። በደሴቱ ጤና ጣቢያ ባለው ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሙን ትጭናለች። ሐሙስ በአምስት ሰዓት ሥራውን የሚደግፉት እንግዶች ከናይሮቢ ይመጣሉ። ነርሷ የአንድ በሽተኛ ዓይን በስልክ ፎቶ ታነሳለች፤ ፕሮግራሙ ፎቶውን አጥርቶና አሳንሶ ኪሱሙ ላለው የዓይን ሐኪም ይልካል። እንግዶቹ ይህን ቆመው ካዩ ናሲሚዩ ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች። ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ መጨረሻ ውሏ ይታደስ አይታደስ እያለች ስትጠብቅ ኖራለች። አርባ አራት ዓመቷ ነው። አሥራ ሰባቱን ዓመት ቡንጎማ ውስጥ ባለ የኢንተርኔት ቤት የሰው ማመልከቻ ስትተይብ ፈጅታ፣ በአርባ ዓመቷ ፕሮግራም መጻፍ የተማረች ሴት ናት። ቢሮ ውስጥ ከእሷ ቀጥሎ በዕድሜ የሚበልጠው ኦዲዎር እንኳ ሃያ ስምንት አልሞላውም።

ኦዲዎር ቀደም ብላ እዚያው ሄዳ እንድትጭነው መክሯት ነበር። በደሴቱ አዲስ አንቴና ተተክሏል፣ ኔትዎርኩ ከኪሱሙ ይሻላል ብሏታል።

«አንቴና መተከሉና መሥራቱ ለየቅል ነው» አለችው።

«ማማ ናፉላ፣ አንቺ እኮ ፀሐይ በምሥራቅ መውጣቷንም ሳታጣሪ አትተኚም» አላት፣ እንደ አገሩ ልማድ በልጇ በናፉላ ስም እየጠራት።

«አንድ ቀን ባትወጣ ማን ሊጠየቅ ነው?»

ሳቀባትና ወደ ሥራው ዞረ። እሷም እንደለመደችው አደረገች። በኢንተርኔት ቤቱ ዘመን ዘፈኑም ፊልሙም ፕሮግራሙም የሚጓዘው በፍላሽ ነበር፤ ኔትዎርክ እንደ ዝናብ ሲፈልግ የሚመጣ፣ ሲፈልግ የሚቀር ነገር ስለሆነ የሐይቁ ዙሪያ ሰው ሁሉ ያለቀለትን ገልብጦ መሄድ ያውቃል። ስለዚህ ፕሮግራሙን በላፕቶፗ ላይ ከነሙሉ ዕቃው ጫነች፤ ፎቶ የሚያጠራውንና የሚያሳንሰውን ላይብረሪም ጨምራ። ይህ ላይብረሪ የሚባለው የፕሮግራም ክፍል ሌሎች ሰዎች በሩቅ አገር ጽፈው ያዘጋጁት ነው፤ ከእሷ የሚጠበቀው መጫን ብቻ ነው። ሞከረችው፤ ሠራ። በቢሮው ማሽኖች ሁሉ ሞከረችው፤ ሠራ። ከዚያ አቃፊውን እንዳለ በፍላሽ ገለበጠች። ፍላሹ ቢበላሽስ ብላ ሁለተኛ ገለበጠች። ሁለቱም ውኃ ቢነካቸውስ ብላ ሦስተኛ ጨመረች።

ኦዲዎር ሦስቱን ፍላሽ ሲያይ፣ «የቡንጎማ ሰው ዶሮ ሳያንጠለጥል መንገድ አይወጣም ሲሉ ውሸት ነው ለካ፤ የሚያንጠለጥለው ፍላሽ ነው» አለ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ያን ለታ ማታ ደግሞ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ያልደረሰ ነገር ለልጇ ነገረች። አዳሪ ትምህርት ቤት ላለችው ናፉላ ደውላ፣ ከሐሙስ በኋላ እናትሽ ቋሚ ናት አለቻት።

ሐሙስ ጠዋት ከምቢታ ወደብ በመጀመሪያው ጀልባ ተሻገረች። አንዱ ፍላሽ ቦርሳዋ ውስጥ፣ አንዱ በላፕቶፑ ማቀፊያ፣ አንዱ በትከሻዋ ላይ ባጣፋችው፣ ሌሶ በሚሉት ባለቀለም ጨርቅ ጫፍ ተቋጥሮ። ጀልባው ቢሰጥም እንኳ አንዱ ይተርፋል ስትል አሰበች፤ እሷ ትተርፍ እንደሆነ አላሰበችም።

ጤና ጣቢያው ስትደርስ ሦስት ሰዓት አልሞላም። ኃላፊዋ ሲስተር አፒዮ፣ ወፍራም፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት፣ ኮምፒውተሩን አሳየቻት። ግማሽ ዳቦ የምታህል ጥቁር ሳጥን ናት። በፀሐይ ኃይል ስለሚሠራ ብዙ መብራት የማይበላ ነው የሰጡን አለቻት። ናሲሚዩ ስልኳን አወጣች። ኔትዎርኩ ሙሉ ነበር። ደስ ሊላት ሲገባ ቅር አላት፤ አንድ ነገር እያታለላት መሰላት።

ፍላሹን ሰካች። ፕሮግራሙ ተከፈተ። ሲስተር አፒዮ ለሙከራ የራሷን ዓይን በስልክ አንስታ ላከች። ስክሪኑ ላይ አንድ ቀይ መስመር ወጣ፤ ይህ ላይብረሪ ለዚህ ዓይነት ማሽን የተሠራ አይደለም ይላል።

መጀመሪያ አላመነችም። ሁለተኛውን ፍላሽ ሰካች። ያው መስመር ወጣ። ሦስተኛው ሌላ ነገር ሊይዝ እንደማይችል ራሷ ገልብጣው እያወቀች የሌሶዋን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታች። ያው ነው። አንዱን ስህተት ሦስት ቦታ ደብቃ፣ ከውኃ ከእሳት ጠብቃ፣ ሐይቅ አሻግራ አምጥታዋለች።

ነገሩ ወዲያው ገባት። ፎቶ የሚያጠራው ላይብረሪ እንደ ሌላው ፕሮግራም በየትም ማሽን የሚነበብ ጽሑፍ አይደለም። ለእያንዳንዱ የማሽን ዓይነት ለብቻው የሚሠራ ነው፤ በሰው ልክ የተሰፋ ጫማ እንደማለት። የሚጫን ጊዜ ማሽኑን አይቶ ለልኩ የሚሆነውን ያመጣል። በእሷ ላፕቶፕ ላይ ሲጫን ለእሷ ላፕቶፕ የሚሆነውን አመጣ። የቢሮው ማሽኖች ሁሉ የላፕቶፗ ወንድሞች ስለሆኑ ሠራላቸው። ይቺ ሳጥን ግን የስልክ ዓይነት አንጎል ያላት ናት። እዚሁ ቀድማ መጥታ ብትጭነው ኖሮ ራሱ ያውቅ ነበር። ኔትዎርክ ይጠፋል ብላ ፈርታ ነው የገለበጠችው።

ቶሎ አጠፋችውና ከአዲስ መጫን ጀመረች። ማሽኑ ለልኩ የተዘጋጀውን ፈለገ። ሳጥኗ ከተሰጠች ጀምሮ ታድሳ ስለማታውቅ፣ ለእንዲህ ያለ አሮጌ ሥርዓት ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የለም የሚል መልስ መጣ። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ጥሬውን የፕሮግራም ጽሑፍ አውርዶ እዚያው ሳጥኗ ላይ ከመጀመሪያው መሥራት። ለዚያ መሥሪያ የሚያስፈልጉ ሌሎች አምስት ነገሮች ቀድመው መጫን አለባቸው። አንድ በአንድ ጫነቻቸው። ኔትዎርኩ አንዴም አልተቆረጠም። አራት ሰዓት ሲሆን ሥራው ተጀመረ፤ ስክሪኑ ላይ መስመሮች እንደ ጉንዳን ይሳቡ ጀመር። ሁለት በመቶ። ሦስት በመቶ።

ሲስተር አፒዮ ሻይና ማንዳዚ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ብስኩት አምጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ስንት ሰዓት ይፈጃል ስትላት ናሲሚዩ አላውቅም አለች። ታውቅ ነበር።

«ማሽኗ ቀርፋፋ ናት፣ እንደኔ» አለች ሲስተር። «ግን ታደርሳለች።»

«መድረሱ አይደለም ችግሩ።»

እንግዶቹ በአምስት ሰዓት መጡ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ፣ ኦቾላ ከፊት ከፊት። ስድስት በሽተኞች አግዳሚው ላይ ይጠብቃሉ። ናሲሚዩ ተነስታ ሰላም አለችና ትንሽ ይቀረዋል አለች። ሠላሳ አንድ በመቶ ይል ነበር። ኦቾላ ስክሪኑን አየ፣ እሷን አየ። እንግዶቹን መድኃኒት ቤቱን፣ የውኃ ታንከሩን፣ ማዋለጃ ክፍሉን ሲያስጎበኝ ቆየ። ተመልሰው ሲመጡ አርባ ስምንት ነበር። ከሴቶቹ አንዷ በትህትና ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ጥቂት አየችና ሰዓቷን ተመለከተች። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባው ይነሳል። ናሲሚዩ ዝም ላለማለት ብላ ስለ ፎቶው ጥራት፣ ስለ ሐኪሙ ታስረዳ ጀመር። ድምጿ ራሷን አስጠላት። ሴትየዋ ራሷን እየነቀነቀች ሰማቻት፤ ሰው ያላየውን ነገር ሲያስረዱት እንደሚያደርገው።

ሲሄዱ ኦቾላ በሩ ላይ ቀረ። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። አልጮኸም።

«ማማ ናፉላ፣ የማሽኑን ዓይነት ሲስተርን ጠይቀሻት ነበር? በስልክ፣ አንድ ጥያቄ?»

«አልጠየቅኋትም።»

«እኔን ስለ ኔትዎርክ ስንቴ ጠየቅሽኝ?»

በልቧ ቆጠረች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስምንት ጊዜ፣ ምናልባት ዘጠኝ ጊዜ ጠይቃዋለች።

«የሚፈራ ሰው እወዳለሁ» አለ ኦቾላ። «አንቺ ግን የምትፈሪው የማይመጣውን ነው። የቅጥሩን ነገር ለከርሞ እናየዋለን፤ እስከዚያ የደሴቶቹን ሥራ ኦዲዎር ይያዘው።»

«ሚስተር ኦቾላ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ቢጠብቁ ያልቃል።»

«ጀልባው አይጠብቅም» ብሎ ሄደ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትል ነበር እናቷ። እሷ ላይ የደረሰው ግን የፈራችው እንኳ አልነበረም። በጎን በኩል ገባ፤ ለፈራችው በር ዘብ ቆማ ሳለ።

ስድስቱ በሽተኞች ወደ ሦስት ዝቅ አሉ። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ሥራው አለቀ። ሲስተር አፒዮ የአንዲት መረብ ሠሪ አሮጊት ግራ ዓይን አነሳች። ፎቶው በአንድ ትንፋሽ ጠራ፣ አነሰ፣ ተላከ። ስክሪኑ ላይ በብሌኗ ዙሪያ ያሉት ጭረቶች አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር። ሐኪሙ በአሥር ደቂቃ መለሰ፤ ሞራ ነው፣ በመጪው ወር ለቀዶ ጥገና ትምጣ። አሮጊቷ ሲነገራት ናሲሚዩን በሁለት እጇ ያዘችና በሉኦ ቋንቋ መረቀቻት። ሲስተርም እጇን ጨበጠቻት፤ አላልኩሽም ታደርሳለች ብዬ አለቻት።

ናሲሚዩ ሠርቷል ብላ ለኦቾላ ጻፈች። አነበበው፤ ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች ወጡ። መልስ አልመጣም። ናፉላ ግን ሦስት ጊዜ ደውላ ኖሯል። አላነሳችም።

ዕቃዋን ስትሰበስብ ሲስተር አፒዮ ብዕርና ቁራጭ ወረቀት አቀረበችላት።

«ከተበላሸ ለማን ልደውል? ስልክሽን ጻፊልኝ።»

ብዕሩን ያዘች። የራሷን ቁጥር ሁለት አሃዝ ጽፋ ቆመች። ሰረዘችውና ከሥሩ የኦዲዎርን ቁጥር ሙሉውን፣ ስሙን ጨምራ፣ ማንም እንዳይሳሳት በትልልቁ ጻፈች።