ቡሽራና የአያ ፋንታሁን ካብ

ቡሽራ ዐብዱልከሪም ከጎንደር ደባርቅ ሚኒባስ ሲነዳ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አጥፍቶ አያውቅም፤ እሱ እንደሚለው ከሆነ። አራዳ ላይ የልብስ ሰፊውን በር ሲገነጥል፣ በሩ ነው ወደ መንገድ የወጣው። አምባ ጊዮርጊስ መግቢያ ላይ አህያ ሲገጭ፣ አህያዋ ነች የገባችበት። መናኸሪያ ውስጥ የቆመ አውቶቡስ የመታ ጊዜም ለትራፊክ ፖሊሱ፣ «እዚያ መቆሙን ማን ነገረኝ?» ብሎታል።

ፖሊሱ ሳቁን ዋጥ አድርጎ መንጃ ፈቃዱን ተቀበለው። የአምስት ቀን የተሃድሶ ሥልጠና ካልወሰደ እንደማይመለስለትም ነገረው። ጊዜው ሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የኅዳር መጀመሪያ ነበር።

ቡሽራ ወደ ሥልጠናው የሄደው አኩርፎ ነው። አስተማሪው በሞተርና በጎማ መካከል ያረጀ ሹፌር ይሆናል ብሎ ሲጠብቅ መምህርት ዝናሽን አገኘ። እሳቸው ሃያ ዓመት የአማርኛ ሰዋስው አስተምረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ መንገድ ሥነ ሥርዓት የዞሩ ሴት ናቸው። ገና እንደገቡ፣ «እያንዳንዳችሁ ያደረሳችሁትን አደጋ ንገሩኝ» አሉ።

ቡሽራ ተነሣ። «አህያ ገባችብኝ።»

«ቁጭ በል። ሌላ!»

«ፍሬን እምቢ አለኝ» አለ ዓለምነው፣ ከሳንጃ ሰሊጥ የሚያመላልስ የአይሱዙ ሹፌር።

«ቁጭ በል።»

«ዝናብ ጣለብኝ፤ ከዚያ ዛፍ መጣብኝ» አለ ሦስተኛው።

«ዛፉ ከየት ነው የመጣው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እሳቸው አልሳቁም። ሰሌዳው ላይ «ብኝ» ብለው በትልቁ ጻፉና በጠመኔ ሰረዙት። «እዚህ ክፍል ውስጥ ይቺ የለችም። አህያዋን የገጨ ማን ነው?»

«መኪናው» አለ ቡሽራ።

«መኪናውን የያዘውስ?»

«እኔ ነኝ፤ ግን አህያዋ እኮ...»

«አህያዋ መንጃ ፈቃድ የላትም። አንተ አለህ። ነበረህ ማለቴ ነው።»

ማታ ለሚስቱ ለፈህሚያ እየተማረረ አወራላት። ፈህሚያ ግን እንደ እሱ አልተናደደችም፤ እንዲያውም ዓይኗ በራ። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ 'መሸብኝ' ብለህ አትገባም። 'አመሸሁ' ነው የምትለኝ» አለችው። ቡሽራ በዚህ ሥልጠና ብዙ ነገር ሊያጣ እንደሆነ ገባው።

«ገጨሁ» የምትለው ቃል ከአፉ እስክትወጣ ሦስት ቀን ፈጀች። በአራተኛው ቀን ተነሥቶ፣ ወለሉን እያየ ተናገረ። «አህያዋ ከሩቅ ትታየኝ ነበር። ስልክ እያነሣሁ ስለነበር ፍጥነቴን አልቀነስኩም። ገጨኋት። ባለቤቷ አሮጊት ናቸው። ጭነቱን ፈትተው በጀርባቸው አዝለው ሲሄዱ አይቼ መስኮቴን ዘጋሁ።»

ማንም አልሳቀም። መምህርት ዝናሽም፣ «ቁጭ በል፣ ቡሽራ» አሉ። በስሙ ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነው።

መንጃ ፈቃዱ ተመለሰለት። ቡሽራም አዲስ ሰው ሆነ፤ ችግሩ አዲስነቱን ለሰው ሁሉ ማስረዳት መፈለጉ ነው። በሳምንቱ አሥራ አንድ ሰው ጭኖ ወደ ደባርቅ ሲወጣ፣ ከጎንደር ጀምሮ ስለ መንገድ ደኅንነት ይሰብካል።

«ሹፌር ዓይኑን ከመንገድ ላይ ማንሣት የለበትም!» አለ ወደ ኋላ ዞሮ።

«ልጄ፣ ወደፊት እይ» አሉት ከኋላው የተቀመጡት እማማ ታየች።

«ይህንኑ እኮ ነው የምልዎት፣ እናቴ! ሰው ወደፊት ካላየ...»

ኮሶዬ ላይ መንገዱ ታጠፈ። መኪናዋ አልታጠፈችም። የድንጋይ ካብ ደርምሳ አውድማ ውስጥ ገባች፤ የገብስ ክምር ውስጥም እስከ መስኮቷ ተቀብራ ቆመች።

ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። እማማ ታየች ራሳቸው ላይ የተሰካውን የገብስ ዛላ እያራገፉ ወረዱና፣ «ትምህርቱ አለቀ ወይስ ይቀራል?» ብለው ጠየቁት።

የክምሩ ባለቤት አያ ፋንታሁን ሽቅብ እየሮጡ መጡ። «ምነው! ምነው ያገሬ ሰው፣ ያ ሁሉ መንገድ ጠበበህ?»

ተሳፋሪዎቹ በሌላ መኪና ሄዱ። ለቡሽራ ሦስት ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ በፈረሰው ካብ ላይም ተቀመጡ። ዋናው አያ ቢሻው ናቸው። በዚያ ኩርባ ላይ ብዙ ሹፌር ዳኝተዋል፤ ሹፌር ምን እንደሚል በቃላቸው ያውቃሉ፤ መልሱንም በመንገዳቸው ላይ አሰናድተው ነው የመጡት።

«በል ተናገር። መሪው ነው ፍሬኑ?»

ቡሽራ አፉን ከፈተ፣ መልሶም ዘጋው። ከዚያ፣ «መሪውም ፍሬኑም ደኅና ናቸው። ወደ ኋላ ዞሬ ሳወራ ካቡን አፈረስኩ፤ ክምሩንም በተንኩ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«በግ አልገባብህም?» አሉ አያ ቢሻው።

«አልገባም፣ አያ።»

«ጉምስ?»

«ፀሐይ ነበር።»

«እስቲ ረጋ ብለህ አስበው። ካፊያ ቢጤ አልነበረም?»

«ምንም አልነበረም።»

አያ ፋንታሁን ተጨነቁ። «ይሄ ሰው ራሱን ተመትቷል። ከጥላ አስቀምጡት፣ ውኃ ላምጣለት።»

አያ ቢሻው ግን ተቀየሙ። «ሦስት ሰው ከሥራው አስፈትታችሁ ለዚህ ነው የጠራችሁን? ሰውየው ራሱ ጨርሶታል እኮ!» አሉና በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። ከዚያ፣ «ታዲያ ምን ይሁን ትላለህ?» ብለው ጠየቁት።

«ካቡን እኔው በእጄ እክባለሁ። ክምሩንም እንደነበረ እመልሳለሁ።»

ቡሽራ የከተማ ልጅ ነው፤ አያቱም አባቱም ነጋዴዎች ነበሩ። ድንጋይ አንሥቶ አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን የካበው፣ ገና ላቡን ሳይጠርግ ተንዶ ወደቀ። አያ ፋንታሁን ከዳር ሆነው ቆሎ እየቆረጠሙ አዩት፤ በመጨረሻ አላስችል ብሏቸው ተነሡ። «ትልቁን ከሥር! ድንጋይም እንደ ሰው ፊት አለው፤ ፊቱን ፈልግለት።» ቆሎውንም አካፈሉት።

ሦስት ቀን ሲክብ፣ ያን መንገድ ከዳር ሆኖ አየው። አሥራ ሰባት ዓመት ሲመላለስበት አንድ ጊዜም በእግሩ ቆሞበት አያውቅም። መኪና ባለፈ ቁጥር ነፋሱ ልብሱን ይገፋዋል። አንዱ ጓደኛው ጥሩንባ እየነፋ፣ እጁን እያውለበለበ በአጠገቡ ሲበር፣ ቡሽራ ድንጋዩን ጥሎ ካቡ ላይ ተለጠፈ።

«አያ ፋንታሁን፣ እኔም እንዲህ ነበር የማልፈው?»

«አንተማ ትብስ ነበር» አሉ አያ ፋንታሁን ሳይደብቁ። «ያንተን ማኪና ከብቶቹ እንኳ በድምፅዋ ያውቋታል። ስትመጣ ራሳቸው ወደ ግቢ ይገባሉ፤ እረኛ አያስፈልጋቸውም።»

ቡሽራ ሊስቅ ፈልጎ ሳቁ አልመጣ አለው። በሦስተኛው ቀን ካቡ ቆመ፤ ገብሱም ተሰብስቦ እንደነበረ ተከመረ። አያ ቢሻው መጥተው በእግራቸው ገፋ ገፋ አደረጉና፣ «ሸጋ ነው» ብለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ቡሽራ ደባርቅ የሚደርሰው ከሌሎቹ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ነው። የቸኮለ ሁሉ ሸሸው። ሁለት ሳምንት ግማሽ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ተመላለሰ፤ ፈህሚያም ማጉረምረም ጀምራ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ግን ከዳባት አንዲት ዕንቁላል ነጋዴ ተሳፈረች። ጎንደር ገበያ ወርዳ ቅርጫቷን ስትከፍት አንድም አልተሰነጠቀ። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ዳባት ገባ መሰለኝ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ አሥራ አንድ ሴት አሥራ አንድ ቅርጫት ታቅፋ የቡሽራን መኪና ስትጠብቅ ተገኘች።

መናኸሪያው ውስጥ ሌሎቹ ሹፌሮች «የዕንቁላሉ ሹፌር» እያሉ ሳቁበት። ቡሽራም እየሳቀ ቅርጫቶቹን አንድ በአንድ ተቀብሎ አወረደ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ ለመመለሻው መጣራት ጀመረ፤ «ደባርቅ! ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ደባርቅ!»