ኳሱን ማን ያምጣ

ዶርቃ ኳሱን በቀኝ እጇ እያነጠረች መሀል ሜዳ ስትደርስ በግራ በኩል ክፍት ቦታ አየችና ወደዚያ ታጠፈች። በሁለተኛው እርምጃ መዳፏ ባዶ አየር መታ። መርሃዊት ከኋላዋ መጥታ ኳሱን ነጥቃታለች፤ ዶርቃ ዞር እስክትል ድረስ ልጅቷ ሜዳውን ጨርሳ ቅርጫት ውስጥ ከትታዋለች።

ከጠዋት ጀምሮ ይህ ሦስተኛው ነበር።

"ይበቃል! ውሃ ጠጡ!" አሉ አሰልጣኙ ፊሽካቸውን ከአፋቸው አውጥተው፣ መጀመሪያ በጀርመንኛ፣ ቀጥሎም ለሁለቱ ሐበሾች ለዶርቃና ለመርሃዊት በአማርኛ።

ወቅቱ የፈረንጆቹ 1996 ጥቅምት መግቢያ፣ ቀኑ ቅዳሜ ነው። የኮሌጁ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን የዓመቱን የመጀመሪያ ጨዋታ ሊያደርግ ሰባት ቀን ቀርቶታል፤ አሰልጣኙ ጋሽ ፍስሃጽዮን ግን ቋሚ ተሰላፊዎቻቸውን ገና አልለዩም። አምና ከቅርጫቱ ሥር ማንንም የማታሳልፈው ረጅሟ ኡልሪከ ትምህርቷን ጨርሳ ሃምቡርግ ሥራ ይዛለች። እሷን የሚተካ ቁመት ያላት ልጅ በቡድኑ ውስጥ የለችም። "ቁመት ከሌለን እግር ይኑረን" ብለዋል አሰልጣኙ፤ ዘንድሮ ቡድኑ እየሮጠ ነው የሚጫወተው። የሚሮጥ ቡድን ደግሞ ኳሱን ከኋላ ይዛ የምትወጣ ፈጣን ልጅ ይፈልጋል። ያ ቦታ ለሦስት ዓመት የዶርቃ ነበር።

ዶርቃ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። የቡድኑ አምበል ናት፤ የሕንፃ ምህንድስና ትምህርቷን በሚቀጥለው ሐምሌ ትጨርሳለች። ስለዚህ ይህ የመጨረሻ የውድድር ዓመቷ ነው። አምና የቀኝ ጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ነበር። ሐኪሙ ድነሻል ብሏታል፤ ድናለችም። ፍጥነቷ ግን ከጉልበቷ ጋር አልተመለሰም። ይህን ከእኔ ሌላ ማንም አያውቅም እያለች ራሷን ስታጽናና ከረመች፤ ይቺ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በመስከረም ቡድኑን እስክትቀላቀል ድረስ።

ልምምዱ አልቆ ልጆቹ ሲበታተኑ ጋሽ ፍስሃጽዮን ጠሯት። አስመራ ተወልደው ያደጉ፣ ትምህርታቸውን በአማርኛ የተማሩ፣ ወደ ስልሳ የተጠጉ ሰው ናቸው። በሥራ ቀን ኒደርራድ ሰፈር ውስጥ የአንድ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ ሃውስማይስተር ሆነው በርና አምፖል ሲጠግኑ ይውላሉ፤ የተረፋቸውን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለዚህ ቡድን ሰጥተዋል።

"መርሃዊት ከማክሰኞ ጀምሮ አልመጣም አለችኝ" አሏት። "አባቷ ከልክሏታል። ባለፈው ሴሜስተር ሂሳብ ወድቃለች።"

"ታዲያ ሄደው አያናግሯቸውም?"

"እኔ? ኣብራሃን?" ጋሽ ፍስሃጽዮን አንገታቸውን አሻሹ። "እኔና እሱ ሰላምታ ካቆምን አሥራ ሰባት ዓመታችን ነው። በነፃነት ትግሉ ጊዜ እሱ የአንዱ ግንባር ደጋፊ፣ እኔ የሌላው ነበርን። ትግሉም አለቀ፣ አገሩም ነፃ ወጣ፤ እኛ ግን ተፋፍረን ቀረን። እኔ ከሄድኩ ይብስበታል። አንቺ ሂጂ። አምበል ነሽ፣ ትምህርትሽንም ልትጨርሺ ነው። አንቺን ይሰማሻል።"

ዶርቃ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ሰቀለች። "ከመጣች ማን ነው የሚጀምረው?"

"አንቺ ጨዋታ ታነቢያለሽ። እሷ ትሮጣለች" አሉ። ቀና ብለውም የአዳራሹን ጣሪያ፣ የተቃጠለ አምፖል እንደሚፈልግ ሰው፣ ከዳር እስከ ዳር አዩ። "ገና አልወሰንኩም።"

ወስነዋል። ዶርቃ ገባት።

ቤቷ ቦርንሃይም ሰፈር ነው፤ ታጥባ፣ በልታ፣ ተኝታ መዋል ትችል ነበር። ግን እሺ ብላለችና መርሃዊት ወደምትኖርበት ቦናመስ በሚሄደው የከተማ ባቡር፣ በኡ-ባን ተሳፈረች። መስኮቱ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ለመርሃዊት አባት ምን እንደምትል ልታስብ ሞከረች፤ የሚመጣባት ግን አምና በክራንች ሆና ከሜዳው ዳር ያሳለፈቻቸው ቅዳሜዎች ነበሩ። የሌሎችን ነጥብ በወረቀት እየመዘገበች፣ "አይዞሽ፣ ለከርሞ ትጫወቻለሽ" ሲሏት የከረመችበት ዓመት። ከርሞ ማለት ደግሞ ይኸው ዘንድሮ ነው።

የመርሃዊት ቤተሰብ የሚኖረው ቤን-ጉሪዮን-ሪንግ በተባለው መንገድ ላይ ከተደረደሩት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ስምንተኛ ፎቅ ነው። በሩን የከፈተችው ራሷ መርሃዊት ናት። ዶርቃን ስታይ ደነገጠች፤ ቀጥሎ ፊቷ በራ።

"ፓፓ! ካፒቴኗ መጥታለች!" አለች በጀርመንኛ።

አቶ ኣብራሃ ከሶፋው ተነሥተው ተቀበሏት። ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተኪዳን ሻይና ኬክ አቀረቡላትና የእናቷን ጤና፣ የጉባኤያቸውን ደህንነት አንድ በአንድ ጠየቋት፤ እነሱ ኦርቶዶክስ፣ የዶርቃ ቤተሰብ ጴንጤ ቢሆኑም በከተማው ሐበሻ ሐበሻን አያጣውም። ከዚያ መርሃዊትን ይዘው ወደ ማድቤት ገቡ።

"ፍስሃጽዮን ነው የላከሽ" አሉ አቶ ኣብራሃ።

"አዎ። ግን እኔም የቡድኑ አምበል ስለሆንኩ ነው።"

"ደህና። እኔ ኳስ አልጠላም፣ ጓለይ፣ ልጄ። ግን እይ፤ ሃያ ዓመት አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ስጭን ኖርኩ። አሁን ጫማዬን ለማሰር እንኳ እቀመጣለሁ። እኔ በወገቤ ኖርኩ፤ እሷ በጭንቅላቷ ትኑር ነው የምለው። ይኸው የመጀመሪያውን ክላውዙር፣ የሂሳብ ፈተናውን ወደቀች። ሦስቴ ከወደቁ ያባርራሉ ይላሉ፤ እውነት ነው?"

"እውነት ነው። ሦስት ዕድል ነው ያላት።"

"አየሽ።" ጉልበታቸው ላይ ያለውን እጃቸውን ገለበጡት። "ስለዚህ እንዲህ አሰብኩ። ለዘላለም ተይው አልላትም። አንድ ዓመት ብቻ ትቆይ። ሂሳቧን ትለፍ፤ ከዚያ ለከርሞ ትጫወት። ልጅ ናት፣ ኳሱም የትም አይሄድም። አንቺ ምን ትያለሽ?"

ዶርቃ የሻይ ብርጭቆዋን ከፍ አደረገች። አንድ ዓመት። እነሆ ሳትለምን፣ ማንንም ሳታማ፣ የሦስት ዓመት ቦታዋ ተመልሶ እጇ ላይ ተቀመጠ። በሐምሌ እሷ ትሄዳለች፣ በመስከረም መርሃዊት ትመጣለች። ማንም አይጎዳም። ሐሳቡ ደግሞ የአባትየው እንጂ የእሷ አይደለም።

"ጥሩ ሐሳብ ነው" አለች። "አንድ ዓመት ብትቆይ አይጎዳትም።"

አቶ ኣብራሃ ከበድ ያለ ነገር እንዳወረደ ሰው ተነፈሱ። መርሃዊትን ጠሩና "ካፒቴንሽም እንደኔ ነው የምትለው" አሏት በአማርኛ። "ዘንድሮ ትምህርት፣ ለከርሞ ኳስ። አሁን ሸኚያት።"

መርሃዊት ዶርቃን አየቻት። በጀርመንኛ "እሺ" ብላ ጃኬቷን አነሣች።

በአሳንሰሩ ወረዱ። ወደ ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ላይ ዛፎቹ ቅጠላቸውን ማርገፍ ጀምረዋል። መርሃዊት አንዴ አስፋልቱ ላይ፣ አንዴ ሣሩ ላይ እየረገጠች ከጎኗ ሄደች።

"መጀመሪያ ተናድጄ ነበር" አለች በጀርመንኛ። "ግን አባቴ ስለ ኳስ አያውቅም፣ አንቺ ታውቂያለሽ። አንቺ ቆይ ካልሽ ገና ነኝ ማለት ነው። ምኔ ነው የጎደለው?"

"እንዴት?"

"ንገሪኛ። መከላከሉ ነው? ዓመቱን ሙሉ ከቤቱ ጀርባ ብቻዬን እለማመዳለሁ። ምን ላይ ልሥራ?"

ዶርቃ አንድ ነገር ልትነግራት ፈለገች። በግራ እጅሽ አታነጥሪም እንዳትላት በሁለቱም እኩል ታነጥራለች። ኳስ አትለቂም እንዳትላት ዛሬ ጠዋት ብቻ ስንት ጊዜ ለሌሎቹ እንዳቀበለች አይታለች። ቸኩላ የተሳሳተችበትን፣ ደክማ የቆመችበትን ልታስታውስ እየሞከረች እንከን ፈለገች፤ ጣቢያው እስኪደርሱ ድረስ ፈለገች። አላገኘችም።

"አስቤ እነግርሻለሁ" አለች።

"እሺ። እንዳትረሺ።" መርሃዊት ጉንጯን ሳመቻትና በአማርኛ "አመሰግናለሁ" አለቻት፤ ቃሉ እንዳልተለመደ ልብስ ጠበባት። ከዚያ በሩጫ ተመለሰች። ያ ሩጫ።

ባቡሩ መጣ። በሮቹ ተከፈቱ፣ ሁለት አሮጊቶች ወረዱ። ዶርቃ ከነቦርሳዋ ቆማ በሮቹ ሲዘጉ አየች። ባለፈው ዓመት ከወንበር ላይ ሆና "ለከርሞ" የሚሏትን ሰዎች እንዴት እንደምትጠላቸው ትዝ አላት። እነሱ እንኳ አልዋሹም ነበር፤ ጉልበቷ እውነት ተበጥሷል።

ወደ ሕንፃው ስትመለስ አሳንሰሩን መጠበቅ ስላልቻለች በደረጃው ወጣች። ስምንተኛ ፎቅ ስትደርስ ጉልበቷ ይጠዘጥዛት ነበር። ደወለች።

አቶ ኣብራሃ ከፈቱ። "የረሳሽው ነገር አለ?"

"ቅድም የጠየቁኝን በደንብ አልመለስኩልዎትም፣ ጋሼ።"

"ግቢ።"

"እዚሁ ልንገርዎት።" ትንፋሿን ሰበሰበች። ከአቶ ኣብራሃ ጀርባ መርሃዊት ብቅ ስትል አየች፣ ግን አላቋረጠችም። "መርሃዊት የምትጫወትበት ቦታ የኔ ቦታ ነው። እሷ ከመጣች እኔ ተቀያሪ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። በሐምሌ ኮሌጁን እጨርሳለሁ። አንድ ዓመት ሲሉኝ ደስ ያለኝ ለዚያ ነው እንጂ ለእሷ አስቤ አይደለም።"

አቶ ኣብራሃ በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱት። ወይዘሮ ለተኪዳን ከማድቤት በትግርኛ ማን እንደመጣ ጠየቁ።

"ትበልጥሻለች?" አሉ አቶ ኣብራሃ።

"ትበልጠኛለች።"

"ይህንን ለመንገር ነው ስምንት ፎቅ የወጣሽው?"

"አዎ።"

"ሂሳቡስ? ሂሳቡ እንደሆነ የትም አልሄደም።"

"እኔ ሁለቴ ወድቄያለሁ" አለች ዶርቃ። ይህን ከእናቷ በቀር ለማንም ተናግራው አታውቅም። "በሦስተኛው ነው ያለፍኩት። በዚያ ዓመት ኳስ አቁሜ ነበር፤ ኳሱን ማቆሜ አልጠቀመኝም፣ ብቻዬን ተቀምጬ ማልቀስ ነበር ሥራዬ። ያሳለፈኝ አብሮኝ የሚያጠና ሰው ማግኘቴ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከልምምዱ በፊት ሁለት ሁለት ሰዓት እኔ አስጠናታለሁ። በየካቲት ፈተናውን ደግማ ከወደቀች እኔ ራሴ ከቡድኑ አስወጣታለሁ።"

አቶ ኣብራሃ ወደ ልጃቸው ዞሩ። መርሃዊት ግድግዳውን ተደግፋ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ዶርቃን የምታይበት ዓይን ከጣቢያው መንገድ ላይ ከነበረው የተለየ ነው፤ ቁጣም አለበት። ዶርቃ ቁጣው ይገባኛል ብላ ተቀበለችው።

"ዋሸሽኝ" አለች መርሃዊት፣ በአማርኛ።

"ዋሸሁሽ።"

"መከላከሌ ደህና ነው ማለት ነው?"

"ደህና ነው።"

አቶ ኣብራሃ ከሆዳቸው የሚወጣ አጭር ሳቅ ሳቁ። "እስከ የካቲት" አሉ። "እስከ የካቲት ብቻ።" ከዚያ በአገጫቸው ኮሪደሩ ላይ ያለውን ስልክ አመለከቱ። "ያ ሰውዬ ይጠብቅ ይሆናል፤ ደውዪለት። እኔ አላናግረውም።"

ዶርቃ ቁጥሩን መታች። ጋሽ ፍስሃጽዮን ገና ደወሉ አንድ ጊዜ ሳይጮህ አነሡት።

"ማክሰኞ ትመጣለች" አለቻቸው። "ቅዳሜ እሷ ትጀምር፣ ጋሼ። ኳሱን እሷ ታምጣ።"

"አንቺስ?" አሉ ቀስ ብለው።

መርሃዊት ከክፍሏ ወፍራም የሂሳብ መጽሐፍ ይዛ ወጣችና ምንም ሳትናገር የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዶርቃ የስልኩን እጀታ በትከሻዋ ደግፋ ጃኬቷን ማውለቅ ጀመረች።

"እኔ ዛሬ ትንሽ እቆያለሁ" አለቻቸው። "ገና ምዕራፍ አንድ ላይ ነን።"