የእትዬ ዘርፌ የጾም ከረሜላ

ሚስ ፍሬ ሁለቱን ካርቶን ከረሜላ ከታክሲ ያወረደችው ደስ ብሏት ነበር። የትምህርት ቤቱ የገና ዝግጅት ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ዘንድሮ ኃላፊነቱ የተሰጠው ለእሷ ነው። ትምህርት ቤቱ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ያለ፣ ዘጠና ተማሪ ብቻ የሚማርበት ትንሽ ግቢ ነው። ፍሬ ከነቀምት መጥታ ሁለተኛ ክፍል ማስተማር ከጀመረች ገና ዓመት ከመንፈቋ ነው።

ልጁን ሊወስድ የመጣው አቶ ኣፅብሃ በሩ ላይ አገኛትና ካርቶኖቹን ተሸከመላት። ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠ በኋላ አንዷን ከረሜላ አንሥቶ ከጀርባዋ ያለውን ጽሑፍ አነበበ።

«ሚስ፣ ይሄ እኮ ወተት አለው» አላት በትሕትና። «ጄላቲንም ይላል፤ እሱም ከከብት ነው። ልጄ ዘንድሮም ይጾማል። አምና ጓደኞቹ ሲበሉ እያየ የሱን በኪሱ ይዞት መጣ። ቤት ሲደርስ ቀልጦ ከሱሪው ጋር ተጣብቋል። ያለቀሰው ለቅሶ!»

ፍሬ ፊቷ ጋለ። እሷ ያደገችበት ቤተ ክርስቲያን ከገና በፊት እንዲህ ያለ ጾም የለውም፤ ጭራሽ ትዝ አላላትም። ከተማሪዎቹ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይጾማሉ።

ርዕሰ መምህሯ ነገሩን ስትሰማ ቀላል መፍትሔ አመጣች፤ ለጾመኞቹ ሙዝ ይገዛል፣ የቀሩት ከረሜላቸውን ይበላሉ። ፍሬ ይህ አልዋጥላት አለ። ልጆቹን በሁለት ወገን አስቀምጦ ምን ዓይነት ገና ይከበራል?

የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት እትዬ ዘርፌ የሻይ ብርጭቆ ሊሰበስቡ ገብተው ቆመው ይሰሙ ነበር።

«እኔ እሠራዋለሁ» አሉ።

«ምኑን?» አለች ርዕሰ መምህሯ።

«ከረሜላውን። ሁሉም የሚበላውን።» ብርጭቆዎቹን ይዘው ወጡ።

በማግስቱ ልጆቹ የዓመቱን አጋማሽ ፈተና ጨርሰው ስለነበር ፍሬ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ወጥ ቤት ገባች። እትዬ ዘርፌ ኦቾሎኒውን ቆልተው፣ ገለባውን አራግፈው፣ ፈጭተው፣ በውሃ ዘፍዝፈው ጨርሰዋል። በነጭ ጨርቅ ሲጨምቁት ወተት የመሰለ ነገር ወረደ። ፍሬ አፏን ከፈተች።

«የት ተማሩት?»

«ቦሌ መድኃኔዓለም ጋ አንድ ኬክ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ድስት አጥቤያለሁ። ድስት የሚያጥብ ሰው ሁሉን ያያል፤ ማንም ግን እሱን አያየውም። በይ፣ ስኳሩን እያየሽ ቆይ።»

ፍሬ ማየት አልበቃትም፤ እንዳያርባት ብላ በማንኪያ ደጋግማ አማሰለችው። ስኳሩ ድንገት ነጣና አሸዋ ሆነ። ልትደነግጥ ስትል እትዬ ዘርፌ ድስቱን ከእጇ ተቀበሏት።

«አይዞሽ። ስኳር መማሰል ሲበዛበት ይቆጣል። ይሄ ለሻይ ይሆናል።»

ሁለተኛውን ሲጥዱ ሎሚ ጠብ አደረጉበትና ማንም እንዳይነካው ከለከሉ። ሽታው ሳይመጣ፣ ቀለሙ ሳይጠቁር፣ ፍሬ ምንም ለውጥ ሳታይ እሳቱን ቀነሱ። የኦቾሎኒውን ወተት ቀስ አድርገው አፈሰሱበት። ከዚያ ጠብታውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እየጣሉ በሁለት ጣታቸው ይጫኑት ጀመር፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። በጣቶቻቸው ጫፍ ላይ የቆየ ቃጠሎ ያወፈረው ቆዳ አለ። በስድስተኛው «ደረሰ» ብለው ጠብታዋን ለፍሬ ሰጧት። «ቅመሺ።»

«እርስዎስ?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፌ ላይ ምንም አላደርግም።»

ፍሬ ማመን አቃታት። ይህን ሁሉ ሲለፉ አንዲት ጠብታ አልቀመሱም ማለት ነው። «ታዲያ የልጆቹን ምሳ ጨው እንዴት ያውቁታል?»

«ሽሮና ምስሩን እጄ ያውቀዋል። ይሄን ግን አያውቀውም። ዛሬ አንቺ ምላስ ሁኚኝ።»

ፍሬ ቀመሰች። «ይጣፍጣል!»

«ስኳር ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? እሱን ተይውና፣ ሌላውን ንገሪኝ።»

ፍሬ ዓይኗን ጨፍና ፈለገች። እንዲህ አድርጋ ምግብ ቀምሳ አታውቅም። «መጀመሪያ ጥሩ ነው… መጨረሻው ላይ ግን ቶሎ ይጠፋል። አልጫ ነገር ነው።»

እትዬ ዘርፌ ቆንጥረው ጨው ጣሉበት።

«አሁንስ?»

«አሁን ቆየ። ግን ሽታ ይጎድለዋል።»

አሮጊቷ ትንሽ አሰቡ። ከመደርደሪያው ኮረሪማ አውርደው ሦስቱን ፈለቀቁ፤ ወቅጠው ነሰነሱት። ፍሬ ሦስተኛውን ጠብታ አፏ ውስጥ ስታደርግ ዓይኗን ገለጠች።

«እትዬ ዘርፌ፣ ቅቤ ቅቤ ይላል! እናቴ ቅቤ ስታነጥር ቤቱ የሚሸተውን!»

«በስመ አብ!» እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ዘይት እንኳ ትሪው ላይ እንጂ አልነካውም!» ከዚያ ሳቅ ያዛቸው፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ኮረሪማው ነው! ለቅቤው ሽታ የሚሰጠው እሱ አይደል? ልጆቹ የፍስክ መስሏቸው እንዳይጥሉት ብቻ!»

ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ አፍስሰው ሰሊጥ በተኑበት። ሲበርድ እትዬ ዘርፌ ያለ ማስመሪያ በቢላዋ ቆረጡት፤ ሁሉም እኩል ወጣ። ፍሬ በወረቀት እየጠቀለለች ስትደረድር አንድ ነገር አሰበች። እሷ አንድ ሰዓት ሙሉ የምትናገረውን ትምህርት እኚህ ሴት በሁለት ቃል ይጨርሱታል። «ሌላውን ንገሪኝ»፣ «አሁንስ?» ብቻ ተብላ ምላሷ የተፈታ መሰላት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እትዬ ዘርፌ እጃቸውን ታጠቡ፣ አማተቡ፣ አንዷን ከረሜላ ፈትተው ጎረሱ። ፍሬ አፋቸውን እያየች ጠበቀች። ለረጅም ጊዜ ሲያላምጡ ቆዩ።

«እውነትሽን ነው» አሉ። «ጥሩ ምላስ አለሽ።»

ፍሬ ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ እንኳ እንዲህ አልኮራችም።

አርብ ዕለት ዘጠናውም ልጆች አንድ ላይ፣ ከአንድ ሣህን በሉ። መጀመሪያ ላይ የሚጾሙት ልጆች ወረቀቱን ፈትተው አሽትተው ፈርተው ነበር፤ ፍሬ ወንበር ላይ ቆማ «ሁሉም የጾም ነው! ወተትም ቅቤም የለውም!» ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ በአዳራሹ የሚሰማው የወረቀት ድምፅ ብቻ ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ ለአያቷ ብላ ሁለተኛ ጠየቀች፤ በሩ ጋ ሳትደርስ ግን በላችው።

አቶ ኣፅብሃ ልጁን ሊወስድ ሲመጣ የልጁ ጉንጭ አብጦ አገኘው። አንዷን ቀመሰና በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። እትዬ ዘርፌ ትሪ ያጥባሉ፤ ፍሬ አጠገባቸው ቆማለች።

«ይህን የሠራው ማነው?» አለ ከደጃፉ።

ፍሬ ወደ እሳቸው ልትጠቁም እጇን ስታነሣ አሮጊቷ ቀደሟት።

«ከሚስ ፍሬ ጋር ነው የሠራነው» አሉ፣ ዞር ሳይሉ።

ፍሬ «ኧረ እኔ…» ብላ ልትቃወም ጀመረች። እትዬ ዘርፌ ግን ውሃው የሚንጠባጠበውን ትሪ ከነፎጣው አቀበሏት፤ እሷም ታደርቀው ጀመር።