ሬዲዮ ነው አሉኝ

ልቅሶ ድንኳን ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ሆዱን ይዞ ቢንከተከት ምን ታደርጉታላችሁ? ቸኩላችሁ አትመልሱልኝ። የእኛ እድር ቸኩሎ መልሷል።

ያ ሰው እኔ ነኝ። አበባው እባላለሁ፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ነው የኖርሁት። አምና በሰኔ ፈተና እያረምሁ ሳለ ቀኝ እጄ ከነእስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ስትሮክ ነው አሉኝ። ቀስ በቀስ እጄም አንደበቴም ተመለሱ። ያልተመለሰው ሌላ ነው። ሐዘን ሲነካኝ እስቃለሁ። ደስታ የሚባል ነገር የለበትም። አንጀቴ እየተቆረጠ አፌ ብቻውን ይስቃል። ላቆመው በታገልሁ ቁጥር ይብሳል፤ እንዳይመጣ በፈራሁት ቁጥር ፈጥኖ ይመጣል።

ያከመኝ ዶክተር ተስፋዓለም ነው። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ እኛው ሰፈር ቤት ተከራይቶ እድራችን ገብቷል። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንዲህ አስረዳኝ፦

«ጋሼ፣ አንጎል ሐዘኑን የሚሠራበት ቦታና ሐዘኑን ፊት ላይ የሚያወጣበት ቦታ አንድ አይደለም። በመሐላቸው የሚቆጣጠር ልጓም አለ። የእርስዎ ልጓሙ ነው የተጎዳው። ሐዘንዎ ሐዘን ነው፤ መውጫው ነው የተሳሳተው።»

«ከደጀን ወደ ዓባይ ስወርድ ፍሬን እምቢ አለኝ በለኛ!»

ተስፋዓለም ሳቀ። እኔ አለቀስሁ። ቀልድ ሲመጣ ደግሞ አለቅሳለሁና።

በጥር ጎረቤታችን ደርቤ ልጁን ዳረ። ሙሽራው ሲጨፍር ዕንባዬ ወረደ። ሽማግሌዎቹ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ «አይ መምህር! እንዴት ያለ ሆደ ቡቡ ነው!» አሉ። አንድም ሰው አልተቆጣኝም። በየካቲት ያው ደርቤ ሞተ። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳቅሁ። ቁስሉ ያው፣ ሰውየው ያው። በሠርጉ ተመረቅሁ፣ በልቅሶው ተከሰስሁ።

የእድሩ ዳኛ እንዳላማው ነው። አብረን ነው የተማርነው፤ በክርክር ረትቶኝ አያውቅም። በስብሰባው ዕለት ግን ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሳ።

«አበባው በሙት ላይ ስቋል።»

«ታምሜ ነው።»

«ምላስህ አልታመመ፣ እግርህ አልታመመ። ሳቅህ ብቻውን ታመመ?»

ጉባኤው በሙሉ ሳቀ። እነሱ ሲስቁ ጤንነት ነው።

«ጸበል ይሂድ» አሉ እማማ ዘቢደር። «የሚያስቀው ሌላ ነው።»

«ሄጃለሁ፣ እማማ። እዚያም የሚሰቃይ ሰው ባየሁ ጊዜ ሳቅሁ።»

«በስመ አብ!» ብለው አማተቡ።

«እኔን ካላመናችሁ ሐኪሙ እዚሁ ተቀምጧል! እሱን ጠይቁት» አልሁ።

ሁሉም ወደ ተስፋዓለም ዞረ። ተስፋዓለም ጫማውን ያያል።

«የሕመምተኛ ምስጢር አላወጣም» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው።

«ፈቅጃለሁ! በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ፈቅጃለሁ፤ ተናገር!»

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ።

«ይኸው፣ ሐኪሙም ታሟል አላለም» አለ እንዳላማው፣ ነገሩ ያለቀለት ሰው ሆኖ። እጅ ወጣ፤ ተወሰነ። አበባው ልቅሶ ድንኳን አይደርስም። ከደረሰ የማንም ልቅሶ ቢሆን እድሩ ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል።

ተስፋዓለምን በር ላይ ያዝሁት። «ለምን?»

«ጋሼ፣ እኔ እንግዳ ነኝ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው የምኖረው። ከሽማግሌ ጋር ተጣላ መባል አልፈልግም።»

«እኔስ ከማን ጋር የምኖር መሰለህ?»

ጃኬቱን አስተካክሎ ሄደ።

በዚያን ጊዜ ታላቅ እህቴ ሙላቷ ኩላሊቷን ታማ ተኝታ ነበር። እናታችን በልጅነቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ውሳኔውን ስነግራት እስኪያስላት ድረስ ሳቀች።

«ለእኔስ ትስቅልኛለህ?»

«አፌን አስሬም ቢሆን እቆማለሁ።»

«አትሰረው። ያንተን ልቅሶ እኔ አውቀዋለሁ። ብቻ እስክቀበር ከአጠገቤ እንዳትለይ።»

ማልሁላት።

በግንቦት ሞተች። ጡሩምባው ተነፋ፤ ግቢዋ ውስጥ የእድሩ ድንኳን ተተከለ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከቤቷ ወደ ድንኳኑ ልወጣ ስል ልጇ አንተነህ ክንዴን ያዘ። አንተነህ ሚስትና ልጆች ያሉት የባንክ ሠራተኛ ነው።

«ጋሼ፣ አንዴ ይምጡ» ብሎ ወደ ጓዳ ወሰደኝ። ከፊት አሳለፈኝ። በሩ ከኋላዬ ተቆለፈ።

«አንተነህ! ክፈት!»

«ድንኳኑን ይነቅሉታል፣ ጋሼ። እናቴን ሜዳ ላይ አላስለቅስም።»

«ምዬላታለሁ!»

«አውቃለሁ» አለ። «በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ድምፅዎን ብቻ አያሰሙ።»

ጓዳው የጤፍ ጆንያ የተደረደረበት ነው። ከጣሪያው ሥር ትንሽ መስኮት አለች፤ በእሷ የሚታየኝ የድንኳኑ ሸራ ብቻ ነው። ከሸራው ወዲያ ሴቶቹ ደረት ይመታሉ፤ «ሙላቷ! ሙላቷ!» ይላሉ። በሩን በትከሻዬ ገፋሁት፤ የታመመው ጎኔ አቅም የለውም። ከዚያ መጣ። እጅጌዬን ነከስሁ። ጆንያው ላይ በፊቴ ተደፋሁ። አፍኜ በያዝሁት ቁጥር ከታች ሆኖ ይገፋኛል፤ ጎድን አጥንቴን የሚሰብር መሰለኝ። በሩን አንተነህ ቆልፎብኛል፤ ፊቴን ደግሞ የገዛ አንጎሌ። ከሁለቱም መውጫ አጥቼ እህቴን እየጠራሁ ሳቅሁ፣ ሳቅሁ።

ውጭ ልቅሶው ቀዘቀዘ።

«ማነው የሚስቀው?» የእንዳላማው ድምፅ ነው።

«ሬዲዮ ነው» አለ አንተነህ።

«ታዲያ አይዘጋም? ነውር አይደለም?»

ሬዲዮው አልተዘጋም። ሬሳው ከግቢ ሲወጣ፣ እግር ሁሉ ተከትሎት ሲሄድ፣ እኔ አፌን ጆንያ ውስጥ ቀብሬ ነበርሁ። እህቴ ያለ እኔ ተቀበረች።

ማታውኑ አንተነህ በሩን ከፍቶ እግሬ ላይ ወደቀ። እሱን ምን እለዋለሁ? ያስፈራሩት ሌሎች ናቸው። እያለቀሰ አንድ ነገር ነገረኝ፦ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ተስፋዓለም ነበር። እንዳላማው «ማነው?» ሲል፣ ተስፋዓለም ቀና ብሎ ወደ ጓዳው መስኮት አየ። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

የሙላቷ አርባ እየደረሰ ነው። ያው ድንኳን እዚያው ግቢ ይተከላል፤ የጓዳው ቁልፍም አሁንም አንተነህ ኪስ ውስጥ ነው። ከአርባው በፊት ባለው እሁድ እድሩ ይሰበሰባል። ከድንኳን እንጂ ከስብሰባ አልተከለከልሁምና እገኛለሁ።

እንዳላማውን አልጠይቅም። እሱ አያውቅም፤ አለማወቁም ደስ ብሎታል። የምጠይቀው የሚያውቀውን ነው። ዶክተር ተስፋዓለም፣ ምስጢር ነው እንዳትለኝ፤ ምስጢሬን ራሴ በትኜዋለሁ። እንግዳ ነኝም አትበለኝ፤ እህቴን በትከሻህ ተሸክመሃል። በዚያች መስኮት በኩል የሰማኸው ሬዲዮ ነበር ወይስ ልቅሶ? እሁድ በጉባኤው ፊት፣ እንዳላማው እየሰማ፣ ተነስተህ ጮክ ብለህ መልስ!