እኩለ ብርሃን

ባለቤቴ የፈጠራትን አንዲት ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ለማስገባት ስንት ስብሰባ ላይ እንደተጨቃጨቅሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ቃሏ «እኩለ ብርሃን» ናት። ባለቤቴ የሰማይ ምርምር ጣቢያ ውስጥ የጋላክሲዎችን ፎቶግራፍ ሲመረምር የኖረ ሰው ነበር። ፎቶው ላይ እኩል የሚያበሩትን ነጥቦች ሁሉ በመስመር ያገናኛል፤ መሐል ላይ ለደማቁ አንድ መስመር፣ ብርሃኑ ወደ ዳር እየደበዘዘ ሲሄድ ደግሞ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። የተራራ ከፍታ የሚያሳይ ካርታ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ባለሙያዎቹ ይህን መስመር «አይሶፎት» ይሉታል። እሱ ግን አልጣመውም። «የጉንፋን መድኃኒት ይመስላል» ብሎ «እኩለ ብርሃን» አለው። እኩል የሆነ ብርሃን ማለቱ ነው።

ስህተቱን ያየሁት እዚያው በዚያው ነው፤ መዝገበ ቃላት ቢሮ ውስጥ ቃል ስበጥር የምውል ሴት ነኝ። እኩለ ሌሊት የሌሊቱ ግማሽ ነው፣ እኩለ ቀንም የቀኑ። እኩለ ብርሃንን የሰማ ሁሉ ግማሽ ብርሃን ብሎ ነው የሚረዳው። ይህንኑ ነገርኩት። «አንቺ ከገባሽ ይበቃል» አለኝ። እኔም ሞኟ ይበቃል ብዬ ተውኩት።

ቤታችን ውስጥ ግን ቃሏ ሠራች። ሳሎን ውስጥ ከጠረጴዛው መብራት እኩል ርቀን፣ እሱ በዚያ እኔ በዚህ ተቀምጠን ስናነብ «አንድ እኩለ ብርሃን ላይ ነን» ይለኛል። ሲያናድደኝ ወንበሬን ወደ ጨለማው እጎትታለሁ። «ኧረ ተይ፣ ከመስመር ወጣሽ» ሲለኝ ሳልወድ በግድ እስቅና እመለሳለሁ። እሱ ከሞተ ወዲህ ግን የትም ብቀመጥ ያው ነው። ቤቱ ይሰፋብኛል፤ ምን እደብቃለሁ።

የ«እ» ፊደል ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል አለቃችን ሰበሰበን። «አራት ነጥብ» ነው የምንለው፤ እሱ ከተናገረ በኋላ የሚቀጥል ነገር የለማ! የቢሮው ሕግ ግልጽ ነው፦ ሰዎች ሲነጋገሩበት ያልተሰማ ቃል አይገባም።

«እኩለ ብርሃን» አለ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። «በዚህ ትርጉም የሚጠቀምበት ማነው?»

«የሙያ ቃል ነው» አልኩ።

«ጣቢያው ጋ ደውዬ ነበር እኮ። እኛ አይሶፎት ነው የምንለው፣ ሌላውን ሰምተነው አናውቅም አሉኝ።»

«እኛ እንጠቀምበታለን።»

«እናንተ እነማን?»

«እኔና ባለቤቴ።»

ሁሉም ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። አራት ነጥብ ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁንስ ከማን ጋር ትነጋገሪበታለሽ?»

«ከማንም ጋር አልነጋገርበትም» አልኩ። እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ይሄኔ አራሚያችን ጉሮሮዋን ጠረገች። ሰው ሲጨንቀው ማየት የማትችል ሴት ናት። «እትዬ፣ እኔ ሰምቼዋለሁ እኮ!» አለች። ልቤ ዘለለ። «አማቴ ሁልጊዜ ይሉታል። ትናንት እንኳን ‹በእኩለ ብርሃን አትንዳ፣ መንገዱ በደንብ አይታይም› ብለው ባሌን ሲቆጡት ነበር። ጎረቤቶቻቸውም ይሉታል። ልክ ሲመሻሽ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ማለታቸው ነው።»

ባለቤቴ አንድ ጊዜ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ ስለ ሥራው አውርቷል። ከዚያ ሰምተውት ይሁን ራሳቸው ፈጥረውት እንጃ። ከእሱ ሰምተውት ከሆነ እኔ የፈራሁት ደርሷል፤ የእሱን መስመሮች ጥለው ግማሹን ብርሃን ወስደዋል።

«እንግዲህ» አለ አራት ነጥብ፣ «ወይ በምሽት ትርጉሙ ይገባል፣ ወይ ይሰረዛል። የቃሉ አዘጋጅ አንቺ ነሽ፣ ወስኚ።»

እልኸኛ ነኝ፤ ልሰርዘው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ መስመር ሲያሰምር የኖረ ሰው ቃል የ«መሽቶብኛል» ወሬ ማድመቂያ ሲሆን ዝም ብዬ ልይ? እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ግን ብሰርዘው በዓለም ላይ ከእኔ አፍ በቀር የሚወጣበት አፍ አይኖርም። እኔ ደግሞ ከሥራ ወጥቼ ጠዋት እስክመለስ ድረስ አፌን የምከፍተው ለመብላት ብቻ ነው። የአራሚዋ አማት እንኳን ይበሉት፣ ተሳስተውም ቢሆን ይበሉት አልኩ በልቤ።

«ይግባ» አልኩ።

«ጎሽ! ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ጻፊለትና ወደሚቀጥለው እንለፍ።»

ቁጭ ብዬ አላሰብኩበትም። እጄ ላይ የመጣውን ጻፍኩና ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋሁት። አራት ነጥብ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ እንደ ልማዱ ስህተት እየፈለገ ጮክ ብሎ አነበበው።

«በእኩለ ብርሃን ቤቴ ስገባ ‹መጣሽ?› የሚለኝ የለም።»

አራሚያችን ቀና ብላ አየችኝ። እሱ ግን ራሱን እየነቀነቀ ከሥሩ ፈረመበት።

«ጥሩ ነው፣ ምንም አይወጣለትም» አለ። «የተለመደ አነጋገር ነው፤ ማንም ሰው የሚለው።»