የግራው ሾክ አብዞርበር

ጋራዡ በር ላይ አንድ ጉድጓድ አለ። ከማዘጋጃ ቤት መጥተው ሊደፍኑት ሲሉ መካኒኩ "ተዉት ባካችሁ፣ ገበያ የሚያመጣልኝ እሱ ነው" ብሎ በሳቅ መለሳቸው። ውሸቱን ነው። የሴት ልጁ መኪና በዚያ ጉድጓድ ላይ ስታልፍ ከፊት በኩል "ቋ!" ትላለች፤ እሱ ደግሞ መኪና ስር ተጋድሞም ቢሆን ድምፅዋን ለይቶ ያውቃል። ያን ጊዜ ከጎማው ክምር ኋላ ያለችውን ሁለተኛዋን በርጩማ አውጥቶ በጨርቅ ይጠርጋታል።

ልጁ የምትመጣው መኪናዋ ሲበላሽባት ብቻ ነው። ክፉ ሆና አይደለም፤ ሥራ አለ፣ ባል አለ፣ ሕፃን አለ፣ ቤቷም ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ መካኒኩ ቤቱ ገብቶ የሚከራከረው ከሬዲዮ ጋር ነው፤ ሬዲዮ ደግሞ ዞር ብሎ አይመልስም። ታዲያ ይሄ ሰውዬ ምን ዘዴ አመጣ መሰላችሁ? ሥራ አለመጨረስን! የመስኮቷን እጀታ ጠግኖ የዝናብ መጥረጊያዋን ይተዋል፣ መጥረጊያዋን ሲቀይር የበሯን ማጠፊያ "ይረሳል"። "እሷን ለሌላ ጊዜ እናቆያት" ይላታል። እሷም "እሺ አባዬ" ብላ ትሄዳለች። በሰው መኪና ቢሆን እንዲህ አያደርግም፤ በሥራው ቀልድ አያውቅም። በገዛ ልጁ ላይ ግን አደረገው፤ እንግዲህ ምን ይባላል?

የዛሬው ግን የመስኮት እጀታ አይደለም። የመንገዱን ንጥቂያ የሚያበርዱት ሁለቱም የፊት ሾክ አብዞርበሮች ዘይታቸው ፈስሶ አልቀዋል። ኮፈኑን ተጭኖ ሲለቀው መኪናዋ እንደ ሕፃን አልጋ ትወዛወዛለች። ሾክ ደግሞ በጥንድ ነው የሚቀየረው፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ ፍሬን ሲያዝ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ልትስብ ትችላለች። ይህን መካኒኩ ተኝቶም ያውቀዋል። ሁለቱንም ገዝቶ አስቀምጧል። ሆኖም አንዱን ብቻ አውጥቶ ሌላውን ከነካርቶኑ መሥሪያ ጠረጴዛው ስር በጆንያ ሸፈነው። የቀኙን ዛሬ፣ የግራውን በወሩ፤ እንዲህ ብሎ ለራሱ ፈረደ።

"ይቆያል እንዴ አባዬ?" አለች ልጁ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ።

"ምን ይቆያል! አንድ ጎን ብቻ እኮ ነው።"

መኪናዋን በክሪክ አነሳ፣ ጎማውን አወለቀ፣ የታችኞቹን ብሎኖች ፈታ። ኮፈኑ ስር ያሉት ዳዶዎች ሲፈቱ ሾኩ ከነሞላው ዱብ ስለሚል ከታች የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ብቻውን ሲሆን እንጨት ይደግፍበታል። ዛሬ ግን ሰው አለ።

"ነይ እስቲ ያዥልኝ።"

እጅጌዋን ሰብስባ ተንበረከከች። ልጅ ሆናም እንዲህ ታግዘው ነበር።

"ይዘሻል?"

"ይዣለሁ፣ ፍታው!"

ደስ አለው። ደስታውን የሚደብቅበት ሲያጣ ግራሶ በነካው እጁ አፍንጫውን አበሰ፤ እሷም አይታ ሳቀችበት።

አዲሱን አስገብተው ዳዶዎቹን ሲያጠብቅ እሷ ከስር ሆና ወሬዋን ጀመረች።

"ባሌ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ቀድሞኝ ሄዷል። እኔም ነገ ጠዋት ሕፃኑን ይዤ እከተለዋለሁ፣ በቁልቁለቱ።"

"በየትኛው ቁልቁለት?"

"በጠመዝማዛው ነዋ። ሌላ መንገድ አለ እንዴ?"

"መቼ ትመለሳላችሁ?"

"ወይ አባዬ፣ መኖሪያችን እኮ እዚያ ሊሆን ነው። በስልክ ልነግርህ ደስ ስላላለኝ ነው የመጣሁት።"

መካኒኩ የጠበቀውን ዳዶ እንደገና አጠበቀው። መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ የሚያሳፍር ነው፤ ግን መጣለት። ዝም ቢል፣ የግራው እንዳለ ቢቀር፣ መኪናዋ እዚያ ሆና ስትንቋቋ ልጁ "ከአባዬ በቀር ማን ያውቅላታል" ብላ ትመለስ ይሆናል። ወዲያው ቁልቁለቱ ታየው። ፍሬን ሲረገጥ ወደ ገደሉ የምትስበው መኪና ታየችው፣ ከኋላ ወንበር የታሰረው የልጅ ልጁም ታየው።

"ምነው አፈር በበላሁ!" አለ ጮክ ብሎ።

"ምን ሆንክ?"

"ምንም። የግራውም ይቀየራል።"

"አንድ ጎን ብቻ ነው አላልክም?"

"ተሳስቼ ነው" ብሎ ጆንያውን ገለጠና ካርቶኑን አወጣ። ለምን እዚያ እንደተሸሸገ አልጠየቀችውም።

የግራውን በዝግታ ሠራው። ሊያቆያት ፈልጎ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ፈልጎም ነው። ሳያስፈልግ እንኳ "ይዘሻል?" ይላታል፣ "ይዣለሁ አልኩህ እኮ!" ትለዋለች። ከዚያ የዝናብ መጥረጊያውንም፣ የበሩን ማጠፊያም፣ ለሌላ ጊዜ ያቆየውን ሁሉ ለቃቅሞ ጨረሰ።

ሲያበቃ ልጁ ኮፈኑን ተጫነችው። መኪናዋ ዝቅ አለች፣ ተነሳች፣ ቀጥ ብላ ቆመች።

"አሁን ምንም የላትም?"

"ምንም የላትም።"

"ተመስገን!" ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። "እኔ እኮ ይህቺን መኪና እየጎተትኩ በመጣሁ ቁጥር ስሳቀቅ ነበር፣ ሥራ እያስፈታሁህ። ከእንግዲህስ አላስቸግርህም አባዬ።"

አስቸግሪኝ ሊላት ፈልጎ ነበር። "ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረጂ" አላት በምትኩ።

እስከ በሩ ሸኛትና ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። የፊት ጎማዎቿ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው ወጡ። አንድም ድምፅ አልተሰማም። መኪናዋ ኩርባውን ታጥፋ ሄደች።

ወደ ውስጥ ተመልሶ በርጩማዋን ሊያነሳ ሲል ከውጭ "ቋ!" አለ። በርጩማዋን እንዳንጠለጠለ ሮጦ ወጣ። የማያውቀው ሰው መኪና ነበረች፤ አልፋ ሄደች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከግቢው ጀርባ ጠጠር በአካፋ እያመላለሰ ጉድጓዱን ራሱ ደፈነው።